የደም ግፊት መለኪያ ለቤት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የትኛው ይሻላል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ፋርማሲ ገብቶ «የግፊት መለኪያ አላችሁ?» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓይነት ካርቶን ይደረደርለታል። አንዱ ክንድ ላይ የሚታሰር፣ አንዱ እንደ ሰዓት የእጅ አንጓ ላይ የሚውል፣ አንዱ ኳሱን እየጨመቁ የሚነፉት ነው። በዚህ ላይ ዘመድ ከጅዳ የላከው ስማርት ሰዓት «ግፊትም ይለካል» ይባላል። ጎረቤት ደግሞ «ጤና ጣቢያው እያለ ለምን ገንዘብ ይባክናል?» ይላል። አምስቱም መንገዶች ቁጥር ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ቁጥር ግን እኩል አይታመንም።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያሳስብ የሚገባን መስመሮቹ የት እንደተሰመሩ ስናይ ነው። በጤና ተቋም በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የደም ግፊት ሕመም ይባላል። ሰው በቤቱ ሲሆን ስለሚረጋጋ የቤት መስመር ዝቅ ብሎ 135 በ85 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ የላይኛው ቁጥር ከ120 እስከ 139 ወይም የታችኛው ከ70 እስከ 89 የሆነውን «ከፍ ያለ» ብሎ ለብቻው መድቦታል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ደግሞ ከ130 በ80 ጀምሮ ሕመም ይለዋል። መስመሮቹ እንዲህ ተጠጋግተው ሳለ ስምንት ወይም አሥር ነጥብ የሚስት መለኪያ ጤነኛውን መድኃኒት ሊያስጀምር፣ ሕመምተኛውን ደግሞ «ምንም የለብህም» ብሎ ሊሸኝ ይችላል።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

*የካፉ ልክ።* ካፍ የሚባለው ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር የሚነፋው ጨርቅ ነው። ከማሽኑም ከዋጋውም በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 195 አዋቂዎችን በተለያየ ልክ ካፍ ለክተው ነበር። ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 4.8 ነጥብ ከፍ ብሎ ታየ። ከሁሉም ትልቁ የሚያስፈልጋቸው በመደበኛው ሲለኩ ስህተቱ 19.5 ደረሰ። በተቃራኒው ቀጭን ክንድ ያላቸው ሰዎች በመደበኛው ካፍ ሲለኩ 3.6 ዝቅ አለ። ጥብቅ ካፍ ያጋንናል፣ ሰፊ ካፍ ይደብቃል።

ክንድዎን ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርዝመት እኩል ከፍለው መሐሉ ላይ ዙሪያውን ይለኩ። ሜትር ከሌለ ክር ይዙሩና ክሩን በማስመሪያ ይለኩት። በገበያ የሚገኘው መደበኛ ካፍ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ላለው ክንድ፣ ትልቁ ከ32 እስከ 42 ላለው ነው፤ ሁለቱንም የሚያካትት ከ22 እስከ 42 የሚል ሰፊ ካፍም አለ። ልኩ ካፉ ራሱ ላይ ታትሟል። ክንዳቸው ከ22 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ቀጫጭን እናቶችና አባቶች በእኛ አካባቢ ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ አነስተኛ ካፍ ካልተገኘ በስተቀር የሚያዩት ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ያጽናናቸዋል።

*በሰው ላይ ተፈትሾ ያለፈ መሆኑ።* ካርቶኑ ላይ ያለው «ሲኢ» (CE) ምልክት ዕቃው የአውሮፓን የገበያ ደንብ አሟልቷል ማለት እንጂ ልኬቱ በሰዎች ላይ ተፈትሾ ትክክል ሆኗል ማለት አይደለም። የተፈተሹትን ሞዴሎች «ስትራይድ ቢፒ» (STRIDE BP) የሚባለው ዓለም አቀፍ ድረ ገጽ በነፃ ዘርዝሯቸዋል። በስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥር ይፈልጉ፤ ከአንድ አምራች አንዱ ሞዴል አልፎ ሌላው ያልተፈተሸ ሊሆን ይችላል።

*ከፍታ።* ይህን ሻጭ አይነግርዎትም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ የመጨረሻ ገጾቹ ላይ ማሽኑ በምን ያህል የአየር ግፊት እንደሚሠራ ይጽፋል። አንዳንዱ ከ700 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል ይላል፣ አንዳንዱ ከ800 ይጀምራል፤ በኪሎፓስካል ከተጻፈ 70 ወይም 80 ይሆናል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ 750 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 810 ይደርሳል። ስለዚህ ከ800 የሚጀምረው ማሽን በወረቀት ደረጃ ለኮምቦልቻ ይሆናል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሽቅብ ደሴ ሲገባ ግን ከተፈተሸበት ክልል ውጭ ነው። ይህ «ደሴ ላይ ይሳሳታል» ማለት አይደለም፤ አምራቹ «እዚያ ድረስ ዋስትና አልሰጥም» ማለቱ ነው። ምርጫ ካለ ከ700 የሚጀምረውን ይያዙ። በነገራችን ላይ «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ይለካል» የሚባለው ልክ አይደለም። ማሽኑ የሚለካው ካፉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነውና።

ቀሪዎቹ ሁለት መስፈርቶች አጭር ናቸው፦ ያለ ረዳት ብቻዎን ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ? መብራት ሲጠፋና ዕቃው ሲያረጅስ ምን ይሆናል?

ክንድ ላይ የሚታሰረው ዲጂታል

ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚመከረው ይህ ነው። ማሽኑ ካፉን ይነፋል፣ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል፣ የደም ሥሩ ካፉ ላይ የሚያሳርፈውን ንዝረት ያዳምጥና ሁለቱን ቁጥሮች በራሱ ቀመር ያሰላል። በንዝረት ስለሚሠራ በልኬት መሐል ማውራት፣ ጣት ማንቀሳቀስ ወይም በብርድ መንቀጥቀጥ ያሳስተዋል። ካፉን ነፍቶ ሳይጨርስ እንደገና ከነፋ ወይም የስህተት ምልክት ካሳየ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማሽኑ ሳይሆን የላላ ካፍ ወይም እንቅስቃሴ ነው፤ ቀጥሎ ባትሪው።

አብዛኞቹ በአራት ትንንሽ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ርካሹ ባትሪ ፓምፑን ለመግፋት ቶሎ ስለሚደክም አልካላይን የተጻፈበትን ይግዙ፤ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ። በኤሌክትሪክ የሚጠቀሙ ከሆነ የማሽኑን የራሱን አዳፕተር ብቻ ይሰኩ፤ ለክተው ሲጨርሱም ይንቀሉት፤ ጠፍቶ የመጣ መብራት ብዙ ዕቃ አቃጥሏል።

ቀድሞ የሚበላሸው ካፉ ነው። የሚጣበቀው ጨርቅ ይሳሳል፣ ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲገዙ «ካፉ ለብቻው ይገኛል?» ብለው ይጠይቁ። የሌላ ሞዴል ካፍ ገጥሞ መጠቀም አይሆንም፤ ቀመሩ የተቃኘው ከራሱ ካፍ ጋር ነው። ካፉ በሚነፋበት ጊዜ ጫፉ እየተላቀቀ ከሆነ መርፌና ክር አያድነውም።

ድክመት አለው። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ ንዝረቱ ወጥ ስለማይሆን አንዱ ልኬት ከሌላው ይራራቃል፤ እነሱ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ፣ ማሽኑ የምት መዛባት ምልክት ደጋግሞ ካሳየም ለሐኪም ይንገሩ።

ዕቃው ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ የሚላክ ከሆነ ለዘመድዎ የክንድዎን ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ይላኩለት። «ጥሩውን ላክልኝ» ተብሎ ውድ ማሽን ከልክ ውጭ በሆነ ካፍ ከመምጣት ይህ አንድ መልእክት ይሻላል።

የእጅ አንጓው

ትንሽ ነው፣ በኪስ ይገባል፣ ሹራብ ማውለቅ አያስፈልገውም። ለደሴ ብርድ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ የከፍታ ነው። እጅ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር የሚታየው ግፊት ከ7 እስከ 8 ነጥብ ያህል ይጨምራል፤ ከልብ በላይ ከወጣ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጠረጴዛ ላይ እጅን ዘርግቶ የሚለካ ሰው ከልቡ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 128 የነበረው 140 ሆኖ ብቅ ይላል። በትክክል ለመጠቀም ክርንን አጥፎ አንጓውን ደረት ፊት፣ ልብ አጠገብ አድርጎ፣ ከሥሩ ትራስ ደግፎ መጠበቅ ይጠይቃል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ይህ ከባድ ነው።

ቦታ የሚያገኘው አንድ ሁኔታ ላይ ነው፦ ክንዱ እጅግ ወፍራም ሆኖ ልኩ የሆነ ካፍ የማይገኝለት ሰው። ሌላው ሰው በዋጋ ወይም በምቾት ተታልሎ ባይገዛው ይመረጣል።

ኳሱን እየጨመቁ የሚነፉት

ነርሶች የሚይዙት፣ ባለ ሰዓት መርፌውና ባለ ማዳመጫው ነው። ባትሪ የለውም፣ ከዲጂታሉ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፣ የልብ ምቱ ለተዛባ ሰውም በሠለጠነ ጆሮ ጥሩ ይለካል። የሠለጠነ ጆሮ የሚለው ቃል ግን ዋናው ነው። በክርን ውስጠኛ በኩል የደም ሥሩን በጣት መፈለግ፣ የአንጓ ምት ከጠፋበት 30 ነጥብ በላይ መንፋት፣ ከዚያ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ብቻ ማስተንፈስ፣ ድምፁ ሲጀምር የላይኛውን ሲጠፋ የታችኛውን መያዝ። ቶሎ ማስተንፈስ የላይኛውን ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛውን ከፍ ያደርጋል። ለራስ መለካት ደግሞ ክንዱም እየሠራ ስለሆነ አይመችም።

መርፌው ሳይነፋ ዜሮ ላይ ካላረፈ ያ ዕቃ አይሸጥም፣ አይገዛም። ደህና የሆነውም በየስድስት ወሩ ገደማ መፈተሽ አለበት፤ አንድ ጊዜ መሬት ከወደቀማ ወዲያው። ቤት ውስጥ የጤና ባለሙያ ካለ ይግዙት፣ ካልሆነ ይተዉት።

ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲና መንገድ ዳር

ምንም ሳይገዙ የሚገኝ ነው፤ ውጤቱን ያየ ባለሙያ ወዲያው ምክር ይሰጣል። ሕመሙን የሚለየውና ሕክምና የሚያስጀምረውም እሱ ነው፣ ማሽኑ አይደለም። ቢሆንም የአንድ ቀን፣ የአንድ ደቂቃ ፎቶ ነው። ነጭ ጋውን ሲያዩ ብቻ የሚጨምርባቸው አሉ፤ ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤት የሚነሳባቸውም አሉ፤ ሁለተኛዎቹ በጤና ተቋም ልኬት ብቻ አይገኙም።

ደሴ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ ዳገቱ። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወይም ከሰኞ ገበያ ሽቅብ ሄዶ፣ ሰልፍ ቆሞ፣ ስሙ እንደተጠራ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው የሚለካው ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ዳገቱንም ነው። «ቢያንስ አምስት ደቂቃ ልቀመጥና ልኩኝ» ማለት ነውር የለውም። ቁጥሮቹን ሁለቱንም አስጽፈው ይውጡ፤ «ደህና ነው» የሚል ቃል ለቀጣዩ ሐኪም አይጠቅምም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ግፊትም የሚለኩ ወጣቶች ጋ ደግሞ ካፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ነው፣ ከልብስ በላይ የሚታሰርበትም ጊዜ አለ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ለመመርመር ምክንያት አድርገው ይውሰዱት፣ ዝቅ ካለ ግን አይተማመኑበት።

ስማርት ሰዓት

ካፍ የሌለው ሰዓት ግፊትን አይለካም፤ በብርሃን የደም ፍሰቱን አይቶ ይገምታል። የተሻሉት እንኳ በየጊዜው በካፍ መለኪያ እየተስተካከሉ ካልሆነ ይስታሉ፤ ማለትም ሰዓቱን ለማመን ሌላኛውን መግዛት ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስነው የ2024 የአውሮፓ መመሪያ ካፍ አልባ መሣሪያዎችን ለግፊት ምርመራ አይመክርም። እርምጃ ለመቁጠር ይጠቀሙበት።

| አማራጭ | ትክክለኛነት | ብቻን መጠቀም | ዋና ስህተት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የክንድ ዲጂታል | የተፈተሸ ሞዴልና ልክ ካፍ ከሆነ ጥሩ | ቀላል | ከልክ ውጭ ካፍ፣ ደካማ ባትሪ | መካከለኛ፣ ባትሪና ካፍ ይጨመራል |
| የአንጓ ዲጂታል | በአያያዝ ይወሰናል | ይቻላል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል | እጅ ከልብ ዝቅ ማለት | ከክንዱ ያነሰ ወይም የተቀራረበ |
| በኳስ የሚነፋ | በሠለጠነ ሰው በጣም ጥሩ | አይመችም | ቶሎ ማስተንፈስ፣ ያልተፈተሸ መርፌ | ዝቅተኛ፣ ምርመራ ይፈልጋል |
| ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ | ጥሩ፣ ግን የአንድ ጊዜ | አያስፈልግም | ያለ ዕረፍት መለካት | ነፃ ወይም ትንሽ፣ ትራንስፖርትና ጊዜ |
| ስማርት ሰዓት | ለውሳኔ አይበቃም | ቀላል | ግምትን እንደ ልኬት መያዝ | ከፍተኛ |

ጥሩ ማሽን ይዞ መሳሳት

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት 133 ሰዎችን በሦስት የክንድ አቀማመጥ ለካ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ከተደገፈበት ጋር ሲነጻጸር፣ ጭን ላይ ያረፈው የላይኛውን ቁጥር በ3.9፣ የታችኛውን በ4 ከፍ አደረገ፤ ወደ ጎን የተንጠለጠለው በ6.5 እና በ4.4። ስለዚህ ዱካ ላይ ተቀምጦ ክንድን ጭን ላይ ጥሎ መለካት ይቅር። ጀርባ የሚደግፍ ወንበር፣ መሬት የነካ እግር፣ ያልተጣመረ ጉልበት፣ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ክንድ። ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ጋቢ አጥፈው ከሥር ያንጥፉ።

ካፉ ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ጣት መግባት አለበት። ወፍራም ሹራብ እጅጌውን ወደ ላይ መጠቅለል እንደ ገመድ ያንቃል፤ አውልቀው ትከሻዎን በነጠላ ይሸፍኑ። ብርድ ራሱ ግፊት ስለሚጨምር በደሴ ጠዋት ከአልጋ ወጥቶ በቀዝቃዛ ክፍል ወዲያው መለካት አይገባም፤ ክፍሉ ይሙቅ፣ ሽንት ይሽኑ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ዳገት ከወጡ ዕረፍቱን እስከ ግማሽ ሰዓት ያርዝሙት።

ቡና ከተጠጣ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ በሚዘልቅበት ቤት ይህ ማለት ከመጨረሻው ስኒ ጀምሮ ነው፤ ቀላሉ መፍትሔ ቡናው ሳይፈላ መለካት ነው። ሲጋራም እንዲሁ። ጫት ግን በግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ምቱንም ግፊቱንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። የቃሙበትን ቀን የማታ ልኬት አጠገቡ «ጫት» ብለው ይጻፉበት፤ ሐኪሙ ያንን ካላወቀ መድኃኒት ሊጨምርብዎት ይችላል።

መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ለክተው ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ብቻ ይጠቀሙ። ቀጥሎ ለሰባት ቀን፣ ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን አራት ልኬት ይሰረዝ፤ የቀረው 24 ልኬት አማካይ ነው ለሐኪም የሚቀርበው። ራስ ምታት ሲነሳ ብቻ መለካት የተለመደ ነው፤ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው ባይታመሙም በተያዘለት ሰዓት መለካት ይሻላል።

አዲሱን ማሽን በተገዛ ሳምንትና ከዚያ በዓመት አንዴ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው በዚያው ክንድ ከነርሷ ልኬት ጋር ያነጻጽሩት። እስከ 5 ነጥብ ልዩነት ደህና ነው፤ ከ6 እስከ 10 ከሆነ ይደገም፤ ከ10 ካለፈ ማሽኑ ወይም ካፉ ይቀየር። ደሴ ላሉና የማሽናቸው የአየር ግፊት ክልል ከ800 ሄክቶፓስካል ለሚጀምር ይህ ግዴታ ነው።

ለማን የቱ?

ዕድሜዎ ከ40 በላይ ሆኖ እስካሁን ግፊት የለብኝም የሚሉ ከሆነ ምንም አይግዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ በደንብ አርፈው ይለኩ፤ ከፍ ማለት ከጀመረ ያኔ ይታሰብበታል።

መድኃኒት የጀመሩ ከሆነና ገንዘቡ ካለ የክንድ ዲጂታል ይግዙ። ገንዘቡ ካጠረ ከእህት ከወንድም ወይም ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ አንድ ማሽን መግዛት ይቻላል፤ ሁለት ልክ ካፍ ያስፈልግ እንደሆነ ግን ቀድሞ ክንድ ይለካ። ሰባቱን ቀን ተራ በተራ መጠቀም በቂ ነው፤ ግፊቱ ከተረጋጋ በኋላ በየቀኑ መለካት ጭንቀት ከመጨመር በቀር ትርጉም የለውም።

ኮምቦልቻ በፋብሪካ ፈረቃ የሚሠሩ «ጠዋት» የሚለውን በሰዓት ሳይሆን ከእንቅልፍ በመነሣት ይቁጠሩት። መድኃኒቱንም በጠዋት ወይስ በማታ ብለው አይጨነቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ያሉበት የብሪታንያ ጥናት በልብና በስትሮክ ውጤት ልዩነት አላገኘም። የማይረሳው ሰዓት ይሻላል። በረመዳን የሚጾሙ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ከመቀየራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ልኬቱን ከሱሑር በፊትና ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ አድርገው ወሩን ሙሉ አይቀያይሩት።

ነፍሰ ጡር ከሆነች የተገዛው ሞዴል ለእርግዝና የተፈተሸ መሆኑ ለብቻው ይታይ፤ በቤት ልኬት ብቻም ክትትሏን አታቋርጥ። 140 በ90 ከደረሰ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ካለ ቁጥሩ ምንም ይሁን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትሂድ።

ለማንም ሰው 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይደገም። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአፍ መተሳሰር ወይም የዕይታ መጥፋት ካለ መድገም አያስፈልግም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ምልክት ከሌለና ቁጥሩ ግን ካልወረደ በዚያው ቀን ባለሙያ ይይ። የጎረቤት ክኒን ውጦ ማስወረድ አይሞከር፤ ግፊት በድንገት ሲወርድ አንጎል ደም ሊያጥረው ይችላል።